አሥራ አንደኛዋ እስክትገባ

1

ግንኙነቱ ተቋርጧል።

2

ጽሑፉ የወጣው በስክሪኑ መካከል፣ በትንሽ ግራጫ ሳጥን ውስጥ ነበር። ፍሬገነት አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ለሦስተኛ ጊዜ ስታየው ሌላ ነገር የሚል ይመስል ዓይኗን ጨፍና ገለጠች።

የተቀመጠችው በከተማው ስታዲየም፣ የሲሚንቶ መቀመጫ ላይ ነው። ላፕቶፑ ጭኗ ላይ፣ ኢንተርኔት የሚያጋራላት ስልኳ ከጎኗ። ከፊቷ፣ ሜዳው ላይ፣ ከየቤታቸው የወጡ ሰዎች ፍራሽና ምንጣፍ አንጥፈው ሰፍረዋል። አንድ ሰውዬ ፍሪጁን ሳይቀር ይዞ መጥቷል። ለምን እንዳመጣው የጠየቀው የለም፤ የዚያን ቀን ሰው እርስ በርሱ ብዙ አይጠያየቅም ነበር።

ከአፍታ በፊት አንዲት ቁልፍ ተጭናለች። «ተግብር» የምትለዋን።

«ምን አደረግኩ?» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

ታሪክ ከመሀል አይጀመርም የምትሉ ትኖራላችሁ። እሷ ግን ስታስታውሰው ሁልጊዜ ከዚህች ግራጫ ሳጥን ነው የሚጀምርላት። እኔም እንዳመጣጡ ተቀበልኩት። አሁን ወደ ኋላ እንመለስ፤ ሩቅ አይደለም፣ እስከ ጠዋት ብቻ።

3

ከተማዋ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት። ስሟን የተውኩት አውቄ ነው። መሬቱ ከሳምንታት ጀምሮ ሲንቀጠቀጥ ሰንብቷል። መጀመሪያ ሰው ደነገጠ፤ ከዚያ ለመደው፤ ከዚያ ቀለደበት። «ዛሬስ ሳትጠይቀን ዋለች?» እስከ መባባል ተደረሰ።

የዚያን ዕለት ጠዋት የመጣችው ግን የምትቀለድባት አልነበረችም።

የአምቡላንስ ጥሪ ማዕከሉ ያለበት ሕንፃ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ስንጥቁ እጅ ያስገባል። ኦፕሬተሮቹ ከአራተኛ ፎቅ የጆሮ ማዳመጫቸውን ከራሳቸው ሳያወልቁ ነው የሮጡት፤ አንዷ የተነቀለ ገመዷን እየጎተተች እስከ ግቢው በር ደርሳለች። ሁሉም ከወጡ በኋላ የማዕከሉ ሥራ አስኪያጅ አቶ ዋቅቶላ ብቻቸውን ተመልሰው ወጡ፤ የቀረ ሰው እንዳይኖር ክፍሉን ሁሉ፣ ሽንት ቤቱን ሳይቀር እየከፈቱ አይተው አቧራ ለብሰው ወረዱ። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ በእሳቸው ላይ እንዳትቸኩሉ።

መሐንዲስ መጣ። ምሰሶዎቹን ዞሮ አየ፣ አንዱን በመዶሻ መታ መታ አደረገና ራሱን ነቀነቀ። በሩ ላይ ቀይ ሪባን አሰረ።

«ማንም አይገባም» አለ። «ይሄ ሕንፃ አሁን የቆመው በልማድ ነው።»

4

ስለ ሥራው ትንሽ ልንገራችሁ፤ ቀሪው እንዳይጠፋችሁ።

ጥሪ ማዕከል ማለት ስልክ ብቻ አይደለም። ስልኩማ ወዲያው ወደ ኦፕሬተሮቹ የእጅ ስልክ እንዲዞር ተደርጓል። ነገር ግን ኦፕሬተሯ «የት ነው ያሉት?» ስትል ፊት ለፊቷ ካርታ አለ። የትኛው አምቡላንስ የት እንደቆመ፣ የትኛው በሽተኛ እንደጫነ፣ የትኛው ባዶ እንደሆነ የሚነግራት እሱ ነው። ካርታው ያለው ደግሞ አራተኛ ፎቅ ባለው፣ ሰርቨር በሚባለው ዋና ኮምፒውተር ውስጥ ነው።

ሰርቨሩን ከውጭው ዓለም የሚጠብቀው ፋየርዎል የሚባል፣ ከጫማ ካርቶን የማይበልጥ ሣጥን ነው። በር ጠባቂ በሉት። ከቤቱ ሆኖ ካርታውን ማየት የሚፈልግ ሠራተኛ ቪፒኤን በሚባለው ስውር መንገድ ይመጣል፤ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ለጠባቂው ያሳያል፤ ጠባቂው የእንግዳ ቁጥር ይሰጠዋል፤ በዚያ ቁጥር ይገባል።

ችግሩ ጠባቂው እንዲያስገባ የታዘዘው የሰው ብዛት ነበር።

አሥር።

መጀመሪያ ሲዘጋጅ ለአለቆች ታስቦ ነበር፣ ከቤታቸው ሆነው ሪፖርት እንዲያዩበት። አለቆቹ አንድም ቀን አላዩበትም። ኦፕሬተሮቹ ግን ሠላሳ ገደማ ናቸው፤ ስታዲየሙ ጫጫታ ስለሆነባቸው ላፕቶፕ ያለው በላፕቶፑ፣ የሌለው በስልኩ ለመሥራት በየሰፈራቸው ተበትነዋል። የፈረቃ ኃላፊዋ ሲስተር ጥሩወርቅ፣ ነርስነቱን ትተው ወደ ማዕከሉ የመጡ ጠና ያሉ ሴት ናቸው፤ ከሠላሳው ነባሮቹን አሥር መርጠው አስገቡ። የቀሩት ካርታ ሳያዩ ስልክ ያነሱ ጀመር።

እንደታወረ ሰው፣ በዳሰሳ።

ፍሬገነት የማዕከሉ የኔትወርክ ባለሙያ ናት። ሌላ ባለሙያ የለም።

5

ከጥሪ ቅጂ የተወሰደ። ኦፕሬተሯ ራቢያ ትባላለች፤ አዲስ ተቀጣሪ ናት፤ ከአሥሩ ውስጥ የለችም።

ደዋይ፦ ግድግዳው ወደቀ! ባሌ ከሥሩ ነው!

ራቢያ፦ እሺ እህቴ፣ የት ነው ያሉት?

ደዋይ፦ ወፍጮ ቤቱ!

ራቢያ፦ የትኛው ወፍጮ ቤት?

ደዋይ፦ የእኛ ነዋ! የእኛው ወፍጮ ቤት!

ራቢያ፦ እህቴ፣ ሰፈሩን ይንገሩኝ።

ደዋይ፦ ከድልድዩ ማዶ። ቶሎ በሉ እባካችሁ፣ እያቃሰተ ነው፣ ድምፁ ይሰማኛል።

ራቢያ፦ እየላክሁ ነው። ስልኩን አይዝጉት።

ግን የትኛውን አምቡላንስ? ራቢያ በሌላ ስልክ ለሾፌሮቹ አንድ በአንድ ደወለች። አንዱ አያነሳም። አንዱ በሽተኛ ጭኗል። አንዱ «ከድልድዩ ማዶ ነኝ፣ ግን ሌላዋ ልጅ ቀድማ ልካኛለች» አለ። እሱ የተላከበት ቦታ ሲደርስ ሌላ አምቡላንስ ቀድሞት ቆሟል። እግሩን ለተጎዳ ለአንድ ሰው ሁለት መኪና።

ወፍጮ ቤቱ ጋ ማንም የለም።

6

አሥሩን ሠላሳ ለማድረግ እንዲህ ታደርጋላችሁ፦

ሀ. ጠባቂው የሚያስገባውን የሰው ብዛት ከፍ ታደርጋላችሁ።

ለ. ለእንግዶች የሚታደለው ቁጥር ለአሥር ሰው ብቻ የተቆረጠ ስለሆነ ታሰፉታላችሁ።

ሐ. አዲሶቹ ቁጥሮች ካርታውን እንዲያዩ ደንብ ትጽፋላችሁ። ደንብ ካልተጻፈላቸው በሩን ያልፉና ጨለማ ክፍል ውስጥ ይቆማሉ።

መ. «ተግብር» የምትለዋን ትጫናላችሁ።

ከ«መ» በፊት ትተነፍሳላችሁ። የጻፋችሁትን እንደ ሌላ ሰው ጽሑፍ አድርጋችሁ ታነባላችሁ።

ፍሬገነት አልተነፈሰችም። ሲስተር ጥሩወርቅ ስልክ ላይ ነበሩ፤ «የኔ ልጅ፣ ደረስሽ? ወፍጮ ቤቱ ጋ እኮ ሰው...» እያሉ። «ለ» ላይ ቁጥሮቹን ስትዘረጋ ከልክ በላይ ዘረጋቻቸው። ለእንግዶች የሰጠቻቸው ቁጥር የባለቤቶቹን፣ የሰርቨሩን ቁጥር ሳይቀር ጠቀለለ። ሁለት ቤት አንድ ቁጥር ሲለጠፍበት አድራሽ መንገድ እንደሚጠፋው፣ ጠባቂው መንገድ ጠፋው። አሥሩንም አስወጣ።

እሷንም። ከአሥሩ ውጭ ለባለሙያ በተተወች አንዲት ቦታ የገባችው በዚያው በር ነበርና።

7

«ልጄ፣ ምን ነካው? ሁሉም ጠፋብን እያሉኝ ነው። አሥሩም!»

«እኔ ነኝ ሲስተር። ተሳስቼ ነው።»

በሲስተር ጥሩወርቅ ስልክ ውስጥ የሌላ ስልክ ጥሪ፣ የልጅ ለቅሶ፣ የሩቅ ሳይረን ይሰማል።

«ይመለሳል?»

«ከዚህ ሆኜ አልችልም። እኔንም ዘግቶብኛል።»

«አጥፍተሽ ብታበሪውስ? ቴሌቪዥኔን እንደዚያ ነው የማደርገው።»

«ስህተቱን መዝግቦ ይዞታል። ቢጠፋም ቢበራም ያው ነው። አጠገቡ ሄጄ በገመድ መግባት አለብኝ።»

«አጠገቡ ማለት...»

«አዎ።»

ሲስተር ጥሩወርቅ ሂጂ አላሉም። አትሂጂም አላሉም። ያሉት ይህን ነው፦ «ራቢያ ሴትየዋን ይዛታለች። ድምፁ እየደከመ ነው ትላለች።»

8

ፍሬገነት፦ አቶ ዋቅቶላ፣ ካርታው ለሁሉም ጠፍቷል። ሣጥኑ ጋ መድረስ አለብኝ።

ዋቅቶላ፦ ሣጥኑ ያለው ላይ ነው።

ፍሬገነት፦ አዎ።

ዋቅቶላ፦ መሐንዲሱ ያለውን ሰምተሻል።

ፍሬገነት፦ ሰምቻለሁ። ልግባ?

ዋቅቶላ፦ ፍሬገነት፣ እኔ አንቺን ግቢ ልልሽ አልችልም።

ፍሬገነት፦ እንግዲያው አትግቢ ይበሉኝ።

ዋቅቶላ፦ ወፍጮ ቤቱ ያለው ሰው... አሁንም ከሥሩ ነው?

ፍሬገነት፦ አዎ።

ዋቅቶላ፦ መስመሩ ይቆራረጣል። አልሰማሁሽም።

ፍሬገነት፦ እኔ በደንብ እየሰማሁዎት ነው።

ዋቅቶላ፦ አልሰማሁሽም፣ ልጄ።

(ተዘጋ።)

9

አቶ ዋቅቶላ ክፉ ሰው አይደሉም። በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ካልተገኘ አላነብም የሚል ካለ መሬቱን ይያዝ።

10

ግቢው ውስጥ ጄነሬተሩ ይንደቀደቃል። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ስለሄደ ሰርቨሩንና ሣጥኑን በሕይወት የያዛቸው እሱ ነው። ጥበቃው ጋሽ ሙዴ ጀሪካን ይዘው ነዳጅ ሲጨምሩለት ደረሰች። ጋሽ ሙዴ ጡረታ ሊወጡ ወራት ነው የቀራቸው፤ የዋናው በር ቁልፍ በአንገታቸው ባንጠለጠሉት ገመድ ላይ ነው።

«ጋሽ ሙዴ፣ ይክፈቱልኝ።»

«ምን ረስተሽ ነው? ቦርሳ ከሆነ ይቅር፤ ቦርሳ ይገዛል።»

«ቦርሳ አይደለም።»

ነገረቻቸው። ፋየርዎል፣ ቪፒኤን አላለችም። ካርታው ጠፋ፣ ግድግዳ የተጫነው ሰው አለ፣ አምቡላንሶቹ አቅጣጫ አጥተው ይዞራሉ፣ መልሼ ማብራት የምችለው ከላይ ብቻ ነው አለቻቸው።

ጋሽ ሙዴ ጀሪካኑን አስቀመጡ። ሕንፃውን ቀና ብለው አዩት፤ ስንጥቁን በዓይናቸው ከላይ ወደ ታች ተከተሉት።

«ሰውየው ልጆች አሉት?»

«አላውቅም።»

«አይ፣ እንዲያው ነው።»

ቁልፉን ከአንገታቸው አወጡ። ሪባኑን አልበጠሱትም፤ በሁለት ጣታቸው ከፍ አድርገው ያዙላት።

«አብሬሽ ልውጣ?»

«እርስዎ ጄነሬተሩ ጋ ይቁሙልኝ። እሱ ከጠፋ ልፋቴ ሁሉ ከንቱ ነው።»

ጎንበስ ብላ አለፈች።

11

አንደኛ ፎቅ። የፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ወለል ብሎ ቀርቷል።

ሁለተኛ። የረገፈ ልስን ከጫማዋ ሥር ይንኮሻኮሻል። ግድግዳውን ላለመንካት በደረጃው መሀል ለመሀል ትሄዳለች፤ ብትነካው የሚነቃባት ይመስል።

ሦስተኛ። እዚህ እናቷ ደወሉ። ስታዲየሙ ውስጥ ናቸው፤ ፍራሹ ላይ ትታቸው ነው የመጣችው።

«የት ሄድሽብኝ?»

«ቢሮ አካባቢ ነኝ እማዬ።»

«ቢሮው ተሰነጠቀ አላልሽኝም?»

«ውጭ ነኝ። ግቢው ውስጥ።»

«ለምንድን ነው ድምፅሽ የሚያስተጋባው?»

ፍሬገነት እርምጃዋን አፈጠነች።

«ፍሬ?»

«መጣሁ እማዬ። አሁን መጣሁ።»

አራተኛ።

12

ክፍሉ ሰዎቹ እንደተዉት ነበር። የተገለበጡ ወንበሮች። አንድ የሴት ጫማ፣ ጓደኛ የሌለው። ግማሹ የተገመጠ ዳቦ በላዩ ልስን ረግፎበታል። ጥግ ላይ፣ በመስታወት ቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ ትንንሾቹ አረንጓዴ መብራቶች ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ብልጭ ድርግም ይላሉ። ተናደደችባቸው።

ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ገመዱን ከላፕቶፑ ወደ ሣጥኑ ሰካች። የይለፍ ቃሉን ሁለቴ ተሳሳተች። በሦስተኛው ተከፈተላት።

ለእንግዶቹ ከባለቤቶቹ ፈጽሞ የማይነካካ ቁጥር መረጠች። ለሠላሳውም የሚበቃ፣ ከዚያም የሚተርፍ። አንዴ አነበበችው። ድምፅ እያወጣች ደግማ አነበበችው።

ተነፈሰች።

ተግብር።

13

ሲስተር ጥሩወርቅ ስልኩን ክፍት አድርገው፣ በቴሌግራም ቡድኑ ውስጥ የሚገባውን መልእክት እየተከተሉ ያነቡላታል።

«ፋንታዬ፣ ገባሁ ብላለች።»

«ደሚቱ፣ ገባሁ።»

«አስናቀች።»

«ያሲን።»

እያሉ ቀጠሉ። ፍሬገነት በጣቷ ትቆጥራለች።

«አሥር» አሉ ሲስተር። «እግዚአብሔር ይመስገን! አሥሩም ተመለሱ። በይ አሁን ውረጂ።»

«አሥራ አንደኛ ማናት?»

«ራቢያ ናት። ቆይ... ገባሁ ትላለች። ግን...»

«ግን ምን?»

«ጨለማ ነው ትላለች። ገብታለች፤ ግን ካርታው አይታያትም።»

14

ሐ.

ደንቡ። ነባሩ ደንብ የሚያውቀው የድሮዎቹን አሥር ቁጥሮች ብቻ ነው። እነዚያን እንዳሉ አቆይታ አዲሶቹን ጨመረች እንጂ ለአዲሶቹ «ካርታውን ይዩ» የሚል መስመር አልጻፈችላቸውም። ለመቅደም ስትጣደፍ «ሐ»ን ዘለለችው።

15

«ውረጂ ልጄ። አሥር ይበቃናል፤ በአሥር እንሠራለን።»

እዚህ ላይ ላፍታ እንቁም። መሄድ ትችል ነበር። አሥሩ ተመልሰዋል፤ ያጠፋችውን መልሳለች፤ ማንም ምንም አይላትም። በሩ አጠገቧ ነው፤ ደረጃው ባዶ ነው፤ እናቷ ይጠብቋታል። የቀረው ሥራ ነገ፣ ከነገ ወዲያ፣ ከስታዲየሙ ሆና በእርጋታ የሚሠራ ነው።

«ሲስተር፣ የወፍጮ ቤቱን ሴትዮ የያዘችው ማን ነበረች?»

«ራቢያ።»

«ለአንዷ ነባር ያስተላልፉላት።»

«ብዬ ነበር። ሴትየዋ ስልኩ ከተቆረጠ ሁለተኛ የሚገኝ አይመስላትም። ከራቢያ ጋር ካልሆነ አላወራም አለች። እኛም ካርታው ላይ ብናይ ያ ወፍጮ ቤት የለም፤ ቦታውን ሴትየዋ ለራቢያ እያስረዳቻት ነው፣ ዛፉን፣ መታጠፊያውን...»

ፍሬገነት መጻፍ ጀመረች።

16

ከየት፦ ከአዲሶቹ ቁጥሮች።

ወዴት፦ ወደ ካርታው።

ምን ይሁን፦ ይለፍ።

ይኸው ነው። ሦስት መስመር። ከተሰነጠቀ ጣሪያ ሥር ሦስት መስመር ምን ያህል እንደሚረዝም የሚያውቅ ያውቀዋል። መሬቱ ከሥሯ ዝቅ ባለ ድምፅ አጉረመረመ፤ መስኮቱ ተንኳኳ፤ ቆመ። ተነስታ ልትሮጥ ጉልበቷን ሰበሰበች። ጉልበቷ ተነሳ። እጇ ግን ቁልፉ ላይ ቀረ።

አነበበች።

ተነፈሰች።

ተግብር።

17

«ራቢያ?» አለች ፍሬገነት ለሲስተር በስልኩ።

«ሲስተር፣ ራቢያ ምን አለች?»

ከዚያ ሲስተር ጥሩወርቅ የራቢያን መልእክት ቃል በቃል አነበቡት።

«ታየኝ።»

18

ከጥሪ ቅጂ የቀጠለ።

ራቢያ፦ እህቴ፣ አሉ? ያሉኝ የግራር ዛፍ፣ ከድልድዩ ሲሻገሩ በስተቀኝ ነው?

ደዋይ፦ በቀኝ! ከቆርቆሮው አጥር ኋላ!

ራቢያ፦ ቦታውን አየሁት። መኪና አለኝ አጠገብዎ። ጃፋር የሚባል ሾፌር ነው፤ ድልድዩ አፍ ላይ ባዶውን ቆሟል። ልኬዋለሁ። ወደ መንገዱ ወጥተው እጅዎን ያወዛውዙ።

ደዋይ፦ ትቼው ልውጣ?

ራቢያ፦ እየመጣን ነው ብለው ይንገሩትና ይውጡ።

(የእግር ድምፅ። ትንፋሽ። ሩቅ ሳይረን፣ እየቀረበ።)

ደዋይ፦ መጡ! በዚህ! በዚህ በኩል!

19

አራተኛ ፎቅ ላይ ፍሬገነት ገመዱን ነቅላ ላፕቶፑን እያጠፈች ነበር።

መጀመሪያ የመጣው ድምፁ ነው፤ ከባድ መኪና ዳገት ሲወጣ እንደሚያሰማው ያለ፣ ግን ከሥር።

ወንበሮቹ።

መስታወቱ።

ጣሪያው።

20

ጠረጴዛ ሥር ገባች። ቀኝ እጇ ግን ውጭ ቀርቶ ነበር። ከጣሪያው የተገነጠለ ነገር ወደቀበት፤ አጥንቷ ሲሰበር ሰማችው እንጂ ወዲያው አላመማትም። አቧራው ክፍሉን ሞላው። በሩ የነበረበትን አቅጣጫ አጣችው።

«ፍሬ! ፍሬ ልጄ! ድምፅሽን አሰሚኝ!»

ጋሽ ሙዴ ናቸው። ጄነሬተሩ ጋ ይቁሙ የተባሉት።

«እዚህ ነኝ! እንዳይመጡ! ጣሪያው...»

«እሱን ከወረድን በኋላ ትነግሪኛለሽ» አሉ፤ ድምፃቸው እየቀረበ።

የጋቢያቸውን ጫፍ ነው መጀመሪያ ያየችው። ከአቧራው ውስጥ ወጡ፣ ጎንበስ አሉ፣ የተጫናትን ነገር በትከሻቸው ገፉት። ያኔ ነው ያመማት። ጮኸች። እሳቸው ምንም አላሏትም፤ ጋቢያቸውን አውልቀው እጇን ከደረቷ ጋር ጠፍረው አሰሩትና በግራ ክንዷ ደግፈው ወደ ደረጃው ወሰዷት። ሲወርዱ ጋሽ ሙዴ አንድ ነገር ብቻ ደጋግመው ይናገሩ ነበር፤ ጸሎት መስሏት ነበር። ወደ ታች ሲቃረቡ ስትሰማው «ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ» ነው የሚሉት፤ ለሕንፃው።

21

የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ተረፈ። ጃፋርና የሰፈሩ ሰዎች ብሎኬቱን አንድ በአንድ አንስተው አወጡት። አንድ እግሩን አጥቷል። ሚስቱ ራቢያን በአካል አይታት አታውቅም፤ ድምፅዋን ግን ከሺህ ድምፅ እለያለሁ ትላለች።

እስከ አመሻሹ ሠላሳውም ገቡ። የዚያን ቀን ካርታው ሁለተኛ አልጠፋም።

22

ሆስፒታሉ በሽተኞቹን ግቢው ውስጥ፣ ድንኳን ሥር አስተኝቷል። የፍሬገነት ቀኝ እጅ እስከ ትከሻዋ በጀሶ ታስሯል። ሐኪሞቹ ሌላ ቀዶ ሕክምና፣ ምናልባትም ከዚህ ከተማ ውጭ፣ ያስፈልጋል ብለዋል።

አቶ ዋቅቶላ መጡ። ሙዝ ይዘዋል፤ ከሙዙ ሥር ደግሞ ወረቀት።

«የጉዳት ሪፖርቱ ነው» አሉ። «በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት። ይህ ካልተሞላ መሥሪያ ቤቱ አያሳክምሽም። አብዛኛውን እኔ ሞልቼልሻለሁ፤ እጅሽ ስለማይመች።»

አነበበችው። ስሟ አለ፤ ቀኑ አለ፤ የጉዳቱ ዓይነት አለ። አንድ መስመር ባዶ ነው።

«ይሄስ?»

«ባዶ ከሆነ አይቀበሉትም።» አቶ ዋቅቶላ የድንኳኑን ምሰሶ ነበር የሚያዩት። «እ... ቁልፉ ጋሽ ሙዴ ጋ ነበር። በሩን የከፈቱት እሳቸው ናቸው።»

«ከፈቱልኝ። ፈቃድማ አልሰጡኝም።»

«ለወረቀቱ ያው ነው።»

«ለእሳቸው ያው ነው? ጡረታቸው ሲታገድ?»

አቶ ዋቅቶላ ሙዙን ወደ ራስጌዋ አስጠጉላት።

«የራሴን ስም ብጽፍስ?»

«ክልከላ ጥሳ በገዛ ፈቃዷ ገባች ይባላል። ሕክምናሽ በራስሽ ይሆናል። ሥራሽንም... እኔ አላውቅም።»

«የእርስዎን ብጽፍስ?»

በአጠገባቸው ያለው አልጋ ላይ የተኛች አሮጊት ሙዙን እያየች ነበር። አቶ ዋቅቶላ አንዱን ገንጥለው ሰጧት። ሦስት ልጆች አሏቸው፤ ሕንፃውን የተከራዩት እሳቸው ናቸው፤ በሕንፃው ጉዳይ ምርመራ መጀመሩን ፍሬገነት ሰምታለች።

«እሱን እኔ ልነግርሽ አልችልም» አሉ በመጨረሻ። እስክሪብቶ ከኪሳቸው አውጥተው ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጡላትና ውጭ እንደሚጠብቋት ነግረዋት ወጡ። የድንኳኑ መጋረጃ ከኋላቸው ሳይዘጋ ቀረ፤ ጀርባቸው ይታያታል።

ሲስተር ጥሩወርቅ «ድምፁ እየደከመ ነው» ያሉት፣ ጋሽ ሙዴ «ልጆች አሉት?» ያሉት፣ የእሷ የገዛ እጇ ቁልፉ ላይ የቀረበት፣ ሁሉም ባንድ ላይ መጣባት። መስመሩ ግን የሚችለው አንድ ስም ነው።

እስክሪብቶውን በግራ እጇ ያዘችው። ጽፋበት አታውቅም። ወረቀቱን በጀሶው ጫፍ አስደግፋ፣ ፊደሉ እየተንጋደደባት፣ ቀስ ብላ አንድ ስም ጻፈች። የማንን እንደሆነ የተውኩት አውቄ ነው።

23

የተጎጂው ስም፦ ፍሬገነት ደሳለኝ

የሥራ መደብ፦ የኔትወርክ ባለሙያ

የጉዳቱ ዓይነት፦ የቀኝ እጅ ስብራት

ጉዳቱ የደረሰበት ቦታ፦ እንዳይገባበት የተከለከለ ሕንፃ፣ አራተኛ ፎቅ

ወደ ሕንፃው እንድትገባ የፈቀደው፦